ጆንያህ ላይ ተኛ

ጥቅምት 4 ቀን 2017፣ ቴፒ

ዛሬ የዘንድሮው የመጀመሪያ እሸት ቡና ገባ። አንዱ ገበሬ ያመጣው ጥሩ ነው፣ ቀይ ከቀይ። ሁለተኛው ያመጣው ግማሹ አረንጓዴ ስለነበር መለስኩት። "እትዬ በየነች፣ ዘንድሮ ዐይንሽ ከፋ" ብሎኝ ሄደ። ይክፋ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ይሄይስ ደወለ። መርከባቸው "አሬስት" ሆናለች አለኝ። "ምነው፣ ሰው ገደለች?" ብዬ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ባለቤቷ የነዳጅ ዕዳውን ስላልከፈለ የወደቡ ፍርድ ቤት ካለችበት እንዳትንቀሳቀስ አግዷታል ማለት ነው። "ላይላ" ነው ስሟ። ሲሚንቶዋን አራግፋ ባዶዋን ከወደቡ ውጭ፣ ባሕሩ መካከል መልህቅ ጥላ ቆማለች። ልጄ የሞተር መሐንዲስ ነው፤ ከመሐንዲሶቹ ሁሉ ታናሽ።

ቃሉን እዚህ የጻፍኩት ልማዴ ስለሆነ ነው። በንግድ ውስጥ የማላውቀውን ቃል ስሰማ እይዘዋለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ማንም አያሞኘኝም።

የመርከበኞች ማኅበር ሰው በጀልባ መጥቶላቸው ነበር። "ደመወዛችሁን በኋላ በፍርድ ቤት ትጠይቃላችሁ፣ አሁን ፈርማችሁ ወደየአገራችሁ ሂዱ፣ ትኬት አለ" ብሏቸዋል። አብዛኞቹ ፈርመዋል። "እኔስ ምን ላድርግ እማዬ?" አለኝ።

በእኛ ሥራ ቡናውን ሰው መጋዘን አስገብቶ፣ ገንዘቡን ሳይቀበል ቤቱ የሚገባ ነጋዴ የለም። ወይ ራሱ ያድራል ወይ ሰው ያሳድራል፣ ጆንያው ላይ። ባለመጋዘኑም አይቀየምም፤ እራት ይልክለታል። እኔ ራሴ ይሄይስን አርግዤ ጅማ ውስጥ ጆንያ ላይ አድሬአለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ከፈሉኝ። ለቀው የሄዱት ዛሬም ድረስ እየጠየቁ ነው።

"ጆንያህ ላይ ተኛ" አልኩት። ወዲያው ገባው። እዚሁ ቤት አይደል ያደገው።

ባሌ እንድርያስ አጠገቤ ነበር። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ንግድ አይገባውም። "ይምጣ" አለ።

"ባዶ እጁን?" አልኩት።

"በእግሩ" አለ። 

ጥቅምት 11

በጥድፊያ። ሁለት አይሱዙ ሙሉ እሸት ገባ። ማድረቂያ አልጋው ሞላ፤ ሌላ አልጋ ማሠራት አለብኝ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። መፈልፈያው በጄኔሬተር።

ይሄይስ የድምፅ መልእክት ልኳል። ካፒቴኑ ታሞ ወረደ፣ ሌሎቹም ሄዱ። የቀሩት እሱ፣ ወጥ ቤቱና ሞተሩን ዘይት የሚያጠጣው ሠራተኛ ናቸው። ድምፁ ደስ ብሎታል። "እማዬ፣ ልክ አንቺ እንዳልሽው ሆነ! ከመርከቢቱ መኮንኖች እኔ ብቻ ስለቀረሁ ፍርድ ቤቱ የመርከቢቱ ሕጋዊ ጠባቂ አድርጎ አስፈረመኝ።"

ጎበዝ አልኩት። ለናስረዲንም ነገርኩት። ናስረዲን ጎረቤት መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው፤ ከጅማ የመጣ፣ ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት የተፎካከረ፣ በችግር ጊዜ ግን የማይጠፋ። "ያንቺ ልጅ መርከብ ያዘ፤ የእኔዎቹ ባጃጅ እንኳ መያዝ አቃታቸው" አለኝ። ሳቅን።

ጥቅምት 19

ይሄይስ ጥርሱን አሞት ወደ ከተማ ሊወርድ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተሳፍሮ ነበር። የጠረፍ ፖሊስ መሐል ባሕር ላይ አገኘውና መለሰው። "የመርከቢቱ ጠባቂ መርከቢቱን ትቶ መሬት አይረግጥም። መርከቢቱ እስክትሸጥ ወይም ዕዳው እስኪከፈል።" ፓስፖርቱም እነሱ ዘንድ ነው።

መቼ ትሸጣለች ብዬ ጠየቅኩት። አይታወቅም አለ። አጠገባቸው ሌላ የታገደች መርከብ አለች፤ ዝገቷ ውሃ ውስጥ እየረገፈ ነው።

ባንከር። የመርከብ ነዳጅ ማለት ነው። ቀንሰዋል። ጄኔሬተሩን የሚያስነሡት ማታ ብቻ ነው።

አንድ ወር ቢሆን ነው። ፍርድ ቤት የያዘውን ዕቃ ይሸጣል፤ ማስቀመጥ ምን ይጠቅመዋል?

ጥቅምት 30

ለመፈልፈያው ናፍጣ ስቀዳ ድንገት እጄ ቆመ። በርሜሉ ውስጥ የቀረውን በእንጨት ለካሁ። ምንም አልጎደለም፣ ዛሬ ጠዋት የሞላሁት ነው። ለምን እንደለካሁ አላውቅም።

ከመጋዘኑ ግድግዳ በስተጀርባ ለቃሚዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ። ቡናውን በሰፌድ ይዘው የተበላሸውን የሚለዩ ሴቶች ናቸው። አንዷ "ልጇን ባሕር ላይ አስቀምጣ እዚህ ከእኛ ጋር ጥቁር ፍሬ ትቆጥራለች" አለች። ሌሎቹ ሳቁ።

ውድነሽ አልሳቀችም። "ተዪ አንቺ። እሷ እንኳ የት እንዳለ ታውቃለች። የኔው ልጅ ባየ በጅቡቲ በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁን ሳልሰማው ክረምቱ አለፈ። አረብ አገር ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድ አየነው ብለው ነገሩኝ እንጂ።"

ውድነሽ ስትሠራ አትናገርም፤ ድምፅዋን እንዲህ ረጅም ሰምቼው አላውቅም። ገብቼ ሥራችሁን ሥሩ አልኩ።

ኅዳር 7፣ ሌሊት

እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

እራት ላይ እንድርያስ ጠየቀኝ። "ልጁ መብራት አለው?"

"አለው።"

"ቀኑን ሙሉ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ማታ ማታ ብቻ ይደውላል?"

እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሣሁ። ደም ግፊቱ እንዳይነሣበት ነው ያልነገርኩት። መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ የሚችለውንና የማይችለውን አውቃለሁ።

ይሄይስ ልጅ እያለ መፈልፈያው ሲቆም ከእኔ ቀድሞ ይሰማ ነበር። ቤት ውስጥ እየተጫወተ "እማዬ፣ ድምፁ ተቀየረ" ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሞተሩ የሚጠፋው። ባሕር ዳር መርከብ መሐንዲስነት ሊማር ሲሄድ ባሕር አይቶ የማያውቅ የቴፒ ልጅ ነበር። "ባሕሩን አላየውም እኮ እማዬ፣ ሥራዬ ከሥር ነው፣ ሞተር ቤት" ይለኛል። ሞተር ስለሆነ እኔም አልፈራሁም። ሞተር አውቃለሁ።

ለመቆየት የወሰነው ራሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሕፃን አይደለም። እኔ የማውቀውን ነገርኩት እንጂ አላስገደድኩትም። ሰው ሲጠይቅ የሚያውቁትን መንገር ነው። ሌላ ምን ማለት ነበረብኝ?

"በእግሩ" ያለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ምን ለማለት ነው? በእግሩ ማንም ይመጣል።

ኅዳር 15

ብላክ አውት። መርከብ ውስጥ ኤሌክትሪክ በሙሉ ድንገት ሲጠፋ። እኛ ይህ ቃል አያስፈልገንም፤ መብራት ሄደ እንላለን፣ ይመጣል።

ከትናንት በስቲያ የላይላ ሄደ፤ አልመጣም።

ነዳጁ ተንጠፍጥፎ አልቋል። ጥቂት ከታንኩ ሥር ጨልፎ አጣርቶ ነበር፤ ግን ማስነሣት አልቻለም። የመርከብ ጄኔሬተር እንደ እኔው በባትሪ አይነሣም። በታመቀ አየር ነው፤ "ስታርቲንግ ኤር" ይሉታል፣ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ የሚቀመጥ። የእነሱ ጠርሙስ ባዶ ነው። አየሩን የሚሞላው መጭመቂያ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከጄኔሬተሩ ነው። በእጅ የሚሞላ ትንሽ መጭመቂያ ነበራቸው፤ ቫልቩ ተሰብሯል።

ስለዚህ ለመነሣት መጀመሪያ የተነሣ ነገር ይፈልጋል።

"አሁን ዴድ ሺፕ ይባላል" አለኝ። የሞተች መርከብ። ዋናው ሞተር፣ ጄኔሬተሩ፣ ፓምፑ፣ አንዱም የማይሠራ፣ የሚያስነሣቸውም ኃይል የሌለ። ስሙን ስጠላው "እማዬ፣ ሟርት አይደለም፣ መጽሐፋችን ላይ ያለ ቃል ነው" አለኝ። እንደ ሕፃን ያባብለኛል።

ወጥ ቤቱና ዘይት አጠጪው ወረዱ። እነሱ ጠባቂ ተብለው አልፈረሙም። ወጥ ቤቱ ከመውረዱ በፊት የቀረውን ሩዝ ከጣሪያው ላይ በገመድ አንጠልጥሎለታል፣ ከአይጥ እንዲተርፍ።

ብቻውን ነው። በዚያች ሁሉ ብረት ውስጥ።

ዓሣ አጥማጆች ሲያልፉ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ በገመድ ያወርድላቸዋል፤ ቻርጅ አድርገው ይመልሱለታል። ካልመለሱስ? አልጠየቅኩትም።

ኅዳር 18

አልደወለም።

አንድ መኪና ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ወደ ሚዛን ከተማ ላክሁ። ጭነቱን ሁለቴ አስመዘንኩ፤ ሁለቱም ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ረሳሁ። ሚዛን ላይ የቆመው ልጅ ተገርሞ አየኝ።

ኅዳር 21፣ ጽዮን

በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስለት አልተሳልኩም። ከእመቤቴ ጋር አልነግድም።

ስመለስ ደወለ። ሌሊቱን ነፋስ ነበር። አንከር ድራግ፤ መልህቁ መሬት መያዝ አቅቶት ሲጎተት። በመስኮት የሚያያቸው የወደቡ መብራቶች በግራ በኩል ነበሩ አለኝ፤ ቀና ሲል በቀኝ በኩል ሆኑ። መርከቢቱ እየሄደች ነው። ሞተር ያለው ሰው ሞተሩን አስነሥቶ ይቆማል። እሱ ተንሳፋፊ ሰደርያውን ለብሶ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አደረ። ወደ ንጋት ላይ ነፋሱ ሲቀንስ መልህቁ እንደገና ያዘ።

"ብትጠፊስ ኖሮ ማን ያውቅልሽ ነበር እላታለሁ" አለኝ። ከመርከቢቱ ጋር ማውራት ጀምሯል።

ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።

ተሳልኩ።

ኅዳር 29

ዛሬ ለይሄይስ ነገርኩት። "ደመወዙ ይቅር። ሁሉም ይቅር። ፈርመህ ና፣ ተዋቸው።" ይህን ለማለት መጋዘን በር ዘግቼ ነው የደወልኩት። ገንዘብ ይቅር ብዬ አላውቅም፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሳቀ። አሳሳቁ ደስ አይልም።

"እማዬ፣ እኔ እኮ ጠባቂ አይደለሁም። አሁን ጆንያው እኔ ነኝ።"

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ስወጣ እንድርያስ በሩ ላይ ቆሟል። ከውጭ ሆኖ የሰማ ይመስለኛል።  መድኃኒቱን ራሱ ወስዶ ዋጠ። ከዚያ የድሮውን አትላስ ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ከፈተ። ገጹን ሳይፈልግ ነው ያገኘው። ብዙ ጊዜ ሲከፍተው የኖረ ገጽ ነው፤ ወረቀቱ ባሕሩ ላይ ገርጥቷል።

እሱ ሁሉን ያውቅ ኖሯል፤ እስከ ዛሬ እኔ ነበርኩ የማላውቀው።

ታኅሣሥ 5

የማኅበሩ ሰው ውሃና ብስኩት ይዞ መጥቶለት ነበር። ፍርድ ቤቱን ጠይቋል። ምትክ ጠባቂ ከተገኘ ይሄይስን ይለቁታል። ማንም ይሁን፤ መታወቂያ ያለው፣ በፈቃዱ የሚፈርም ሰው። በደመወዝ የሚቀጠር የወደብ ጥበቃ ድርጅት አለ፤ ግን ባለቤቱ ጠፍቷል፣ የሚከፍል የለም፣ እነሱም ዴድ ሺፕ ላይ ሰው አናወጣም ብለዋል። ማኅበሩ ማመልከቻ ጽፏል፣ ጊዜ ይወስዳል።

"ማን እብድ ይፈርማል?" አለኝ ይሄይስ።

ጥርሱ አብጧል። ማታ ማታ ውሃው ውስጥ ገብቶ የመዋኘት ሐሳብ ይመጣበታል፤ ዳር ድረስ አይደለም፣ "ዝም ብሎ መዋኘት" አለኝ። ይህን ሲናገር ድምፁ እንደ ሌላው ጊዜ ነበር። ቀስ ብሎ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ማን እንደሚፈርም ማሰብ ጀመርኩ። የሚያስፈልገውን ካወቅሁ ገበያ ላይ ያላገኘሁት ነገር የለም።

ታኅሣሥ 9

የናስረዲን ሚስት ወንድም እዚያው ወደብ ከተማ ውስጥ ሱቅ አለው። ናስረዲን መልስ ይዞልኝ መጣ። ዛሬ አልቀለደም።

"ሰው ተገኝቷል። የእኛው አገር ልጅ ነው። ወደብ ላይ ዕቃ ያወርዳል፣ ማታ ድልድይ ሥር ያድራል። ፓስፖርት አለው።"

"ምን እንደሆነ ተነግሮታል?"

"ጥበቃ ነው ተብሏል።"

"መውረድ እንደማይቻልስ?"

ናስረዲን ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና በእጁ አገላበጠ፣ የሚገዛ ይመስል። "እህቴ፣ እኔ ልንገረው ወይስ አንቺ ትነግሪዋለሽ?"

ዝም አልኩ። በእኛ ገበያ ዝምታ መስማማት ነው፤ እሱም ያውቃል።

ስሙን የጠየቅኩት ሊወጣ ሲል ነው። አለመጠየቅም እችል ነበር።

"ባየ" አለኝ ከበሩ ላይ። "የውድነሽ ባየ። አንቺ ጋ የምትለቅመው።"

ታኅሣሥ 11

ውድነሽ ገና በሩን ሳልከፍት ደርሳ ጠበቀችኝ። ልጇ ደውሎላታል። ከክረምት በፊት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጉልበቴ ላይ ልትደፋ ስትል ያዝኳት።

"እትዬ፣ እግዜር ልጅዎን ያውጣልዎ። የኔን አወጡልኝ።"

"ተነሺ ውድነሽ።"

"ሥራው ምንድን ነው እትዬ? እሱ ሲቸኩል በደንብ አልነገረኝም።"

"ጥበቃ ነው። የመርከብ ጥበቃ።"

"ይበላል?"

"ይበላል።" በጀልባ ስንቅ እንዲገባለት ከናስረዲን አማች ጋር ተስማምቻለሁ።

"ከፀሐይ ይጠለላል? እዚያ ፀሐዩ ሰው ይገድላል ይላሉ።"

"ይጠለላል። ክፍል አለው።"

አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ቤት ገብቼ ደግሜ አሰብኩት፤ አንድም።

ከነገ ጀምሮ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጪ አልኳት፣ ብርሃን አለ። ሌሎቹ ሴቶች ቀኑን ሙሉ እሷን ሲያዩ ዋሉ።

ለባየም ቢሆን ድልድይ ሥር ከማደር ይሻለዋል። ሦስት ወር ከቆየ በኋላ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ወይ ትሸጣለች።

ታኅሣሥ 16

ምንም። ቡና ለቀማው ሊያልቅ ነው። ጥራቱ ዘንድሮ ጥሩ ነው ይላሉ።

ታኅሣሥ 20

ወረደ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ሚዛን ድረስ ሄጄ ከአውቶቡስ ተቀበልኩት። አላወቅሁትም፤ እሱ ነው ትከሻዬን የነካኝ። አንገቱ እንደ ሽማግሌ አንገት ሆኗል። እስከ ቴፒ ድረስ በመስኮቱ ጫካውን እያየ መጣ፤ "አረንጓዴ ነው" ብቻ አለኝ።

እንድርያስ አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ቆሞ ነበር። ሰው ፊት አለቀሰ። በትዳራችን ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ስለቴን አስገባሁ።

እራት እየበላን መብራት ሄደ። እኔ ሻማ ስፈልግ ይሄይስ ወንበሩን ገልብጦ ወጣ። ባዶ እግሩን ጄኔሬተሩ ጋ ደርሶ አስነሥቶታል። ከዚያ ናፍጣውን በእንጨት ለካ፤ ልክ እኔ እንዳደረግሁት። "ግባ፣ እራትህን ብላ" አልኩት። "እመጣለሁ" አለኝ። አልመጣም። ሞተሩ አጠገብ ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ጋቢ አለበስኩት።

ዛሬ ልጄ ቤት ነው። ይህን ጽፌ መተኛት ነበረብኝ።

ጥር 3

ሦስታችን ምሳ ላይ ነን። ይሄይስ ሳይጠየቅ ጀመረ።

"መሰላሉ ላይ ተገናኘን። እኔ ስወርድ እሱ ሲወጣ። እኔ የወደብ ጥበቃ ሰው ነው የመሰለኝ። 'ደህና ነህ ወይ ወንድሜ' ሲለኝ እጄ ከገመዱ ሊለቅ ነበር። ከየት ነህ አልኩት። ከቴፒ ነኝ አለኝ።"

እንድርያስ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"'እናትህ ናት ያስቀጠረችኝ፣ እግዜር ይስጣት' አለኝ። ፖሊሶቹ ከጀልባው ቶሎ በል እያሉ ይጮኻሉ። የእጅ ባትሪዬን ሰጠሁት። ሩዙ የት እንደተንጠለጠለ ነገርኩት። ሌላ ምንም አልነገርኩትም እማዬ። ወረድኩ።"

"ምን ልትለው ትችል ነበር?" አልኩት።

"አትውጣ።"

ማንም አልበላም። እንድርያስ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሲወጣ ብቻ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "ያም ልጅ ለእናቱ በእግሩ ነበር የሚመጣው" አለ።

ጥር 8

ቡናው ተለቅሞ አለቀ። ጆንያዎቹ በሩ አጠገብ ተደርድረዋል። መኪናው ከጥምቀት በኋላ መጥቶ ይጭናል። ገዢው ቀጠሮ ይዟል፣ ከዘገየ ለሌላ ይሄዳል።

ይሄይስ የማኅበሩን ሰው ቁጥር ፈልጎ አገኘ። ቢደውል የሚያነሣ የለም።

ውድነሽ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ዛሬ ዘፈነች። ቀስ ብላ፣ በሸኮኛ። ትዘፍናለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጥር 13

መኪናው በጠዋት መጣ። ጫኞቹ ጆንያ ሊያነሡ ሲጎነበሱ ውድነሽ ገባች። ለቀማ ስለሌለ ዛሬ እሷን አልጠበቅኳትም።

"እትዬ፣ ባየ በዓሣ አጥማጅ ስልክ ደወለልኝ። ልጅዎ የሰጠው የእጅ ባትሪ አለቀበት። ጨለማ ነው አለኝ። ያለሁበት ዴድ ሺፕ የሚሉት ነገር ነው፣ ምን እንደሆነ እትዬን ጠይቂያቸው፣ እሳቸው ያውቃሉ አለኝ። ምን ማለት ነው?"

ጫኞቹ ቆመው ያዩናል። ይሄይስ ከጄኔሬተሩ ቤት ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። አንድ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ገና ስሙን ናስረዲን የነገረኝ ቀን ያዘጋጀሁት መልስ ነው፣ ደህና መልስ።

"የሞተች መርከብ ማለት ነው" አልኳት። "መብራት የላትም፣ ሞተር የላትም። ልጄ እዚያ ነበር።"

"መቼ ነው የሚወርደው?"

"ሲሸጧት። ወይ ሌላ ሰው በሱ ቦታ ሲገባ።"

"ያን ቀን ሲነግሩኝ ይህን ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

  ነጠላዋን አጣፋች፣ ጫኞቹን በክንዷ ገፋ አድርጋ አለፈች፣ በሩ አጠገብ የተደረደሩት ጆንያዎች ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

"ልጄ መሬት እስኪረግጥ ከዚህ አልነሣም።" እርስዎ ማለቷን ትታለች። "አንቺ ራስሽ አይደለሽ የምትይው? ሰው የተያዘበትን የሚያስመልሰው ዕቃው ላይ ተኝቶ ነው። ስንት ዓመት እዚህ ተቀምጬ ሰምቼሻለሁ።"

አንዱ ጫኝ ሳቀ። "እትዬ፣ ከነጆንያዋ እንጫናት?"

"የነካት ከእኔ ጋር አይሠራም" አልኩ።

ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ናስረዲን ከመጋዘኑ እየሮጠ መጣ። "አንቺ፣ አብደሻል እንዴ? ገዢው ዛሬ ካልጫንሽ ይሄድብሻል! ሁለት ቀን ብትቀመጥ ይርባትና ትነሣለች።"

"አትነሣም" አልኩት። "እኔ አልተነሣሁም ነበር።"

መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

ይሄይስ ከሰዓት በኋላ የማኅበሩን ሰው አገኘው። ወጪውን የሚሸፍን ሰው ካለ፣ የወደብ ጥበቃ ድርጅቱን በባየ ቦታ ነዳጅና ሁለት ጠባቂ በፈረቃ እንዲያወጣ ሊያግባባ ይሞክራል። ሳምንታት ይወስዳል፣ ምናልባትም ወር። ወጪውን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ጆንያዎቹን አየሁ። ውድነሽም ታየኛለች።

"እሺ፣ እኔ እከፍላለሁ በለው" አልኩት።

እንድርያስ ፍራሽ ተሸክሞ ወደ መጋዘን ሄደ። እኔ እራት ወሰድኩላት። አልበላችም። ሳህኑን አጠገቧ ጆንያው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

መብራት ከሄደ ቆይቷል። ለመጋዘኑ ጄኔሬተሩን አስነሥተናል። ይሄይስ ናፍጣውን ለክቶ መጣ፤ እስኪነጋ ይበቃል አለኝ።

ለነገ ሌላ በርሜል አዝዣለሁ።